በሰርተፊኬት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ላይ ስለተገኘ የኤስኤስአርኤፍ ክፍተት፦ ከቃሊቲ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ቃሊቲ፣ መጋዘኖቹ ደግሞ ገላን፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ በሚገኙ አንድ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ በሲስተም አስተዳዳሪነት ይሠራሉ። የድርጅቱ ፕሮግራመሮች የጻፉት የሰርተፊኬት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የድረ ገጾቻችሁንና የውስጥ ሰርቨሮቻችሁን ሰርተፊኬቶች (የአንድን ሰርቨር ማንነት የሚያረጋግጡ ዲጂታል ምስክር ወረቀቶች) ይመዘግባል፣ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረቡትን ያሳውቃል፣ ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለው ነጻ ሰርተፊኬት ሰጪ የተወሰዱትን ደግሞ በራሱ ያድሳል። በቅርቡ ያሠራችሁት የደህንነት ፍተሻ በዚሁ ሶፍትዌር ላይ የኤስኤስአርኤፍ ክፍተት (ሰርቨሩ ሌላ ሰው ወደመረጠው አድራሻ ጥያቄ እንዲልክ የሚያደርግ ድክመት) አግኝቶ ደረጃውን «ከፍተኛ» ብሎታል። የክፍል ኃላፊዎ ግን ሶፍትዌሩ ከኢንተርኔት የማይታይና በይለፍ ቃል ብቻ የሚገባበት ስለሆነ ሥጋቱ ተጋንኗል የሚል አቋም አላቸው። ፕሮግራመሮቹ በበኩላቸው «ሎካልሆስት» የሚለውን ቃል፣ 127.0.0.1ን (ሁለቱም ሰርቨሩን ራሱን ያመለክታሉ) እና በ192.168 የሚጀምሩ የውስጥ ኔትወርክ አድራሻዎችን የሚከለክል ማጣሪያ ጨምረው ጉዳዩን ዘግተውታል። እርስዎ የጠየቁት ማን ትክክል እንደሆነ፣ ማጣሪያው በቂ ስለመሆኑ፣ እንዲሁም ክፍተቱ እስኪደፈን ድረስ ሶፍትዌሩ መዘጋት ይኖርበት እንደሆነ ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልስጥ። ፈታሹ ትክክል ነው። ማጣሪያው በቂ አይደለም፤ በተያዘው መንገድ እየተሻሻለ ቢሄድም በቂ ሊሆን አይችልም። ሶፍትዌሩን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ግን አልመክርም፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እገልጻለሁ።

ኤስኤስአርኤፍ የሚባለው ክፍተት የሚፈጠረው አንድ ሰርቨር ከሌላ ሰው የተሰጠውን አድራሻ ሳይመረምር፣ በራሱ ማንነትና በራሱ የኔትወርክ ቦታ ላይ ሆኖ ወደዚያ አድራሻ ጥያቄ ሲልክ ነው። አጥቂው ራሱ ሊደርስበት የማይችለውን ቦታ ሰርቨሩ ይደርስለታል። በሲደብልዩኢ የድክመቶች መዝገብ ላይ ቁጥሩ 918 ሲሆን፣ የድር ደህንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአሥር ዋና ዋና የድር ሥጋቶች ዝርዝር ውስጥም ራሱን የቻለ ቦታ ተሰጥቶት 10ኛ ሆኖ ተመዝግቧል።

በአብዛኛው ሶፍትዌር ላይ ይህ ክፍተት የሚገኘው ከዳር ነው፤ ለምሳሌ ተጠቃሚው ፎቶውን ከፋይል ይልቅ በአድራሻ እንዲያስገባ በተፈቀደበት አንድ ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ገጹን ቢያነሱት ዋናው ሥራ አይስተጓጎልም። የሰርተፊኬት ማስተዳደሪያ ግን ሌሎች ወዳመለከቱት አድራሻ መሄድ የዕለት ተዕለት ተግባሩ ነው። የሁሉንም መጋዘን ቁልፍ ይዞ፣ ፖስታው ላይ የተጻፈውን አድራሻ ሁሉ ሳይጠይቅ የሚሄድ ተላላኪ ማለት ነው። ስለዚህ ክፍተቱን እንደ አንድ የተሳሳተ መስመር ቆጥሮ ለማረም ከመነሳት በፊት፣ ሶፍትዌሩ በማን ትእዛዝ ወዴት እንደሚሄድ አንድ በአንድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት ሶፍትዌር ላይ አድራሻ የሚገባባቸው በሮች በተለምዶ አራት ናቸው፤ የእናንተ ፈታሽ በሪፖርቱ የጠቀሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይመስላል።

የመጀመሪያው በር ተጠቃሚው የሰርቨር ስምና የፖርት ቁጥር (በሰርቨሩ ላይ የአንድ አገልግሎት መግቢያ) ጽፎ «ሰርተፊኬቱን አንብብልኝ» የሚልበት ገጽ ነው። ፕሮግራመሮች ብዙ ጊዜ «እዚህ ላይ የሚደረገው የቲኤልኤስ ግንኙነት ብቻ ነው፣ የድር ጥያቄ አንልክም፣ ስለዚህ ምንም አይወጣም» ይላሉ። ቲኤልኤስ ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው፣ ሰርተፊኬቱም የሚቀርብበት ፕሮቶኮል ነው። አባባላቸው ግን ትክክል አይደለም። ፖርቱ ዝግ ከሆነ መልሱ ወዲያውኑ «ግንኙነቱ ተከልክሏል» የሚል ይሆናል፤ በፋየርዎል የታፈነ ከሆነ ሶፍትዌሩ የጊዜ ገደቡ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ክፍት ሆኖ ቲኤልኤስ የማይናገር ከሆነ ደግሞ ሌላ ዓይነት ስህተት ይመጣል። እነዚህን ሦስት ምላሾች መለየት የቻለ ሰው የመላውን የውስጥ ኔትወርክ ካርታ መሥራት ይችላል። ቲኤልኤስ የሚናገር ሰርቨር ከተገኘ ደግሞ ሰርተፊኬቱ ራሱ የውስጥ ስሞችን ይዘረዝራል፤ የሒሳብ ሰርቨሩ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ ሰርቨሩ፣ የሙከራ ሰርቨሩ ማን ማን እንደሚባሉ አጥቂው ከዚያው ያነባል። ከዚህም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ጆሹዋ ማዱክስ የተባለ ተመራማሪ በቲኤልኤስ የክፍለ ጊዜ ማስቀጠያ መረጃ በኩል አጥቂ የመረጠውን ይዘት ወደ ውስጥ አገልግሎቶች ማስላክ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ስለዚህ «ቲኤልኤስ ብቻ ነው» የሚለው መከራከሪያ በንድፈ ሐሳብም በተግባርም የሚያዛልቅ አይደለም።

ሁለተኛው በር ሰርተፊኬት ሰጪውን የሚያመለክተው አድራሻ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት በራስ ሰር ለመስጠት የሚጠቀምበት የአክሚ ፕሮቶኮል የሚጀምረው ሶፍትዌሩ የሰጪውን ማውጫ ከአንድ አድራሻ በማንበብ ነው። ማውጫው ደግሞ በውስጡ ሌሎች አድራሻዎችን ይሰጣል፤ ሶፍትዌሩ እነዚያንም ተከትሎ ይሄዳል። ተጠቃሚ የራሱን «ሰጪ» መመዝገብ የሚችል ከሆነ፣ የሶፍትዌሩን ቀጣይ ጉዞዎች በሙሉ የሚወስነው እርሱ ነው። ይህ በቤት ውስጥ በተጻፉ ሶፍትዌሮች ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ፕሮግራሞችን በማሽኖች ስብስብ (ክላስተር) ላይ በሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ላይ በሰፊው የሚሠራበት የሰርተፊኬት ማስተዳደሪያ፣ ሰርት ማኔጀርም፣ የሰጪውን አድራሻ የሚወስደው ሰጪውን ከፈጠረው ሰው ነው፤ ስለዚህ ክላስተሩን ለብዙ ቡድኖች የሚያከራይ ድርጅት ሰጪ የመፍጠር ፈቃድን ለማን እንደሚሰጥ ማሰብ አለበት። በእናንተ ዘንድ ግን መፍትሔው ቀላል ነው። የምትጠቀሙት ሰጪ አንድ ብቻ ስለሆነ አድራሻው በቅንብር ፋይል ውስጥ ይጻፍ፣ ከድር ገጹ ላይ ይነሳ።

በነገራችን ላይ፣ በተቃራኒው ወገን ያሉት ሰርተፊኬት ሰጪዎችም ይህንኑ ችግር ተጋፍጠውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአክሚ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 8555 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚወጡበት የሰነድ ተከታታይ ነው)፣ በደህንነት ምዕራፉ ውስጥ ለኤስኤስአርኤፍ ራሱን የቻለ ንዑስ ክፍል ሰጥቶታል፤ ምክንያቱም ሰጪው የዶሜይኑን ባለቤትነት ለማረጋገጥ አመልካቹ ወደሚያዝበት ሰርቨር መሄድ ግድ ይለዋል። ሌትስ ኢንክሪፕት በኤችቲቲፒ ሲያረጋግጥ ሪዳይሬክት («ወደ ሌላ አድራሻ ሂድ» የሚል ምላሽ) ቢከተልም እስከ 10 ድረስ ብቻ፣ ወደ ፖርት 80 ወይም 443 ብቻ፣ በቁጥር ወደተጻፈ የአይፒ አድራሻ ደግሞ ፈጽሞ አይከተልም። የእናንተ ፕሮግራመሮች አርአያ ከፈለጉ ይህን ጥብቅነት ይመልከቱ።

ሦስተኛው በር ማሳወቂያ የሚላክበት አድራሻ ነው፤ ሰርተፊኬት ሊያልፍበት ሲቃረብ ሶፍትዌሩ መልእክት የሚልክበት። እዚህ ላይ ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ተጠቃሚ አድራሻ እንዲጽፍ አይፈቀድለት፣ አስተዳዳሪው ካስቀመጣቸው መድረሻዎች መካከል ይምረጥ።

አራተኛው በር ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው፤ በግቤት ገጹ ላይ ስለማይታይ ደግሞ ፈታሾችም ፕሮግራመሮችም ያልፉታል። የኤክስ 509 ሰርተፊኬት (እስካሁን የምናወራለት የሰርተፊኬት ዓይነት መደበኛ ስም)፣ በአርኤፍሲ 5280 እንደተደነገገው፣ በውስጡ አድራሻዎችን ይይዛል። አንደኛው የሰርተፊኬቱን ሰጪ ሰርተፊኬት ከየት ማውረድ እንደሚቻል ይናገራል፤ ሌላው የስረዛ ዝርዝሩ (ጊዜያቸው ሳያልፍ የተሰረዙ ሰርተፊኬቶች መዝገብ) የት እንደሚገኝ ያመለክታል፤ ሦስተኛው የስረዛ ሁኔታን በቀጥታ ለመጠየቅ የሚያገለግለው የኦሲኤስፒ አድራሻ ነው። እነዚህ አድራሻዎች ኤችቲቲፒ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ኤልዳፕም (የማውጫ አገልግሎት ፕሮቶኮል) ሊሆኑ ይችላሉ። ማንኛውም ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ በደቂቃ ውስጥ ራሱ የፈረመው ሰርተፊኬት አዘጋጅቶ እነዚህን አድራሻዎች እንደፈለገ መሙላት ይችላል። ሶፍትዌራችሁ ሰርተፊኬት ሲጫንለት «የጎደለውን ሰንሰለት (ሰርተፊኬቱን በመካከለኛ ሰጪዎች በኩል ከታመነው መነሻ፣ ከሩት ሰርተፊኬት ጋር የሚያያይዘውን የፊርማ ቅብብል) ላሟላ» ብሎ ወደ ተጻፈው አድራሻ ከሄደ፣ አጥቂው አንድም የአድራሻ ሳጥን ሳይነካ ጥያቄ አስላከ ማለት ነው።

የችግሩ ሥር ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የአንድን ሰርተፊኬት ፊርማ ለማረጋገጥ የሰጪው ሰርተፊኬት ያስፈልጋል፤ የሰጪውን ሰርተፊኬት ለማግኘት ግን ገና ፊርማው ባልተረጋገጠው ሰርተፊኬት ውስጥ ወደተጻፈው አድራሻ መሄድ ይጠይቃል። ስለዚህ የሰጪ ማውረጃ አድራሻን ተከትሎ መሄድ በባሕርይው ካልታመነ ሰው ትእዛዝ መቀበል ነው፤ በምርመራ አይስተካከልም። መካከለኛ ሰርተፊኬቶችን ራሳችሁ አስቀድማችሁ ማስቀመጥ፣ ሰንሰለቱ ያልተሟላለትን ሰርተፊኬት ደግሞ «መካከለኛውን አብራችሁ ጫኑ» ብሎ መመለስ ይሻላል። የስረዛ ዝርዝሩ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ዝርዝሩን ከማምጣት በፊት ሰንሰለቱን እናንተ ከምታምኑት ሩት ሰርተፊኬት ድረስ ማረጋገጥ ይቻላል። ይህ ቅደም ተከተል ከተጠበቀ ወደ ስረዛ አድራሻ የሚኬደው አድራሻውን የጻፈው የታመነ ሰጪ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ብቻ ይሆናል። ኮዱ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ከሆነ፣ ጥቂት መስመሮችን ማዘዋወር ብቻ ትልቅ ሥጋት ያስወግዳል።

ፕሮግራመሮቹ «እኛ ያንን አናደርግም» ካሉ፣ የሚጠቀሙበት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) እነርሱ ሳያዙት ያደርገው እንደሆነ ይጠይቁ። ጃቫ በነባሪው እነዚህን አድራሻዎች አይከተልም፤ የሚከተለው አንድ ሰው የስርዓት ቅንብሩን ሲከፍትለት ነው። ኦፕንኤስኤስኤልም የሰጪን ሰርተፊኬት በራሱ አያወርድም። ዶትኔት ግን የሰርተፊኬት ሰንሰለት ሲገነባ የጎደለውን በነባሪ ሊያወርድ ይሞክራል፤ ይህን የሚከለክለው ቅንብር የተጨመረው በዶትኔት 5 ነው፤ ስለዚህ ሶፍትዌራችሁ በዶትኔት የተጻፈ ከሆነ በኮዱ ውስጥ አንድም የማውረድ ትእዛዝ ሳይኖር ሰርቨሩ ወደ ውጭ ሊጠይቅ ይችላል።

አሁን ወደ ኃላፊዎ መከራከሪያ ልምጣ። «ከኢንተርኔት አይታይም፣ በይለፍ ቃል ይገባል» የሚለው አባባል የሚያጽናና የሚሆነው አጥቂው ወደ ሶፍትዌሩ መግባት ግዴታው ከሆነ ነው። በአራተኛው በር በኩል ግን መግባት አያስፈልገውም። አንድ አቅራቢ ድርጅት «የአዲሱ ሲስተማችን ሰርተፊኬት ይኸው» ብሎ በኢሜይል ይልካል፤ የእናንተ ሠራተኛ በቅንነት ይጭነዋል፤ ጥያቄው ይላካል። ከዚህም ሊቀል ይችላል። ሶፍትዌሩ የአቅራቢዎችን ድረ ገጽ ሰርተፊኬት በየቀኑ የሚፈትሽ ከሆነ፣ የሚፈተሸው ሰርቨር ባለቤት ያሻውን አድራሻ የያዘ ሰርተፊኬት ማቅረብ ይችላል፤ የጫነ ሰው የለም፣ የተሰረቀ የይለፍ ቃል የለም፣ በሎጉ ላይም የሚታየው የተለመደው የሌሊት ፍተሻ ብቻ ነው።

የሚደረስበትስ ምንድን ነው? ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሰበታ ባሉ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ውስጥ በሥራዬ ሳየው የኖርኩት የኔትወርክ አደረጃጀት ተመሳሳይ ነው። ቅርንጫፎቹ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ይገናኛሉ፤ በውስጡ የመኪና ሚዛኑ ኮምፒውተር፣ የጣት አሻራ መቆጣጠሪያው፣ ካሜራዎቹ፣ ፕሪንተሮቹ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር መቆጣጠሪያ ሳጥን ሁሉም የየራሳቸው የድር ገጽ አላቸው። አብዛኞቹ ፋብሪካው በሰጣቸው የይለፍ ቃል ላይ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጭራሹኑ አይጠይቁም፣ ምክንያቱም የተተከሉት «ውስጥ ያለ ሰው የታመነ ነው» በሚል እሳቤ ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች መካከል በአንድ ቀላል ጥያቄ ብቻ ዳግም የሚነሱ ወይም ቅንብራቸው የሚቀየር አሉ። የሰርተፊኬት ሰርቨሩ ደግሞ ሥራው ስለሆነ ወደ ሁሉም ቅርንጫፍ እንዲደርስ ተፈቅዶለታል። በኔትወርካችሁ ውስጥ እንደዚህ ሰፊ መዳረሻ ያለው ሌላ ማሽን ካለ ጥቂት ነው።

በሰርቨሩ ላይ የተቀመጠውም ነገር ቀላል አይደለም። የግል ቁልፎች አሉ፤ የሌትስ ኢንክሪፕት አካውንት ቁልፍ አለ፤ የዶሜይን ባለቤትነትን በዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ በሚፈታው ሥርዓት) የምታረጋግጡ ከሆነ ደግሞ የዲኤንኤስ አቅራቢው ኤፒአይ ቶከን (መዝገቡን በፕሮግራም ለመቀየር የሚያስችል ምስጢራዊ ቁልፍ) አለ። የመጨረሻው በእጁ የገባ ሰው በዶሜይናችሁ ስም ያሻውን ሰርተፊኬት ማውጣት፣ ኢሜይላችሁንም ወደሌላ ማዞር ይችላል። ሰርቨሩ በክላውድ ላይ ከሆነ በ169.254.169.254 ላይ የሚገኘው የሜታዳታ አገልግሎት (ማሽኑ ስለራሱ መረጃ የሚጠይቅበት) ጊዜያዊ ቁልፎችን ሊሰጥ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በካፒታል ዋን ባንክ ላይ የደረሰውና በአሜሪካ ወደ 100 ሚሊዮን፣ በካናዳ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ ያጋለጠው ጥቃት ያለፈው በዚሁ መንገድ ነበር። አማዞን በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ጥያቄው አስቀድሞ ፑት በተባለው የኤችቲቲፒ ዘዴ የተገኘ ቶከን እንዲይዝ የሚያስገድደውን የዚህን አገልግሎት ሁለተኛ ስሪት አወጣ። «የእኛ ሰርቨር እዚሁ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ፤ በአገር ውስጥ የመረጃ ማዕከል ላይ የተተከለው የክላውድ ሶፍትዌር ኦፕንስታክም ይህንኑ አድራሻ ይጠቀማል።

ወደ ማጣሪያው ስመለስ፣ የመጀመሪያው ጉድለት ግልጽ ነው። 192.168ን ይከለክላል፣ ነገር ግን በ10 የሚጀምሩትንና ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትን የግል አድራሻዎች ይተዋል። ቪፒኤን ላይ ያሉ ቅርንጫፎች በብዛት የሚጠቀሙት ደግሞ 10ን ነው። እሱን ቢጨምሩ እንኳ 127.0.0.1 በሌላ መልክ ሊጻፍ ይችላል፤ 2130706433 ተብሎ እንደ አንድ ቁጥር ቢጻፍ፣ 127.1 ተብሎ ቢያጥር ወይም በአይፒ ስሪት 6 ልብስ ቢቀርብ ብዙ ሲስተሞች ያው አድራሻ መሆኑን ይረዳሉ፣ ጽሑፍን ከጽሑፍ የሚያመሳክር ማጣሪያ ግን አይረዳም። ማንም ሰው የራሱን የዶሜይን ስም ወደ 10.0.0.5 እንዲያመለክት ማድረግ ይችላል፤ ስሙ ሲታይ ንጹሕ ነው። የሚፈቀድ አድራሻ ተሰጥቶ ከዚያ በሪዳይሬክት ወደ ውስጥ መመለስም ይቻላል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ስሙ ሲመረመር አንድ አድራሻ፣ ግንኙነቱ ሲጀመር ሌላ አድራሻ የሚመልስ ዲኤንኤስ ነው፤ ምርመራውና ግንኙነቱ ስሙን ለየብቻቸው እስከጠየቁ ድረስ በመካከላቸው ያለው ቅጽበት ለአጥቂው ይበቃዋል።

ብዙ ጽሑፎች ለዚህ ሁሉ «የግል አድራሻዎችን በሙሉ ከልክሉ» የሚል ምክር ይሰጣሉ። ለሌላ ሶፍትዌር ጥሩ ምክር ነው። ለእናንተ ግን አይሠራም፣ ምክንያቱም ሶፍትዌሩ የውስጥ ሰርቨሮችን ሰርተፊኬት መከታተል ግዴታው ነው። የግል አድራሻዎችን ብትከለክሉ የሱሉልታው ሰርቨር ሰርተፊኬት ጊዜው ሲያልፍ የሚነግራችሁ አይኖርም፤ ከዚያ አንድ ሰው በጥድፊያ ማጣሪያውን ያነሳዋል፣ መቼም አይመልሰውም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ከማጣሪያ የተለየ አደረጃጀት ነው።

የውስጥ ሰርቨሮች ዝርዝር በአስተዳዳሪ ብቻ ተመዝግቦ እያንዳንዱ መለያ ቁጥር ይሰጠው። ተጠቃሚው አድራሻ አይጽፍም፤ ከዝርዝሩ ይመርጣል፣ ሶፍትዌሩም የሚቀበለው መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው። ወደ ውስጥ የሚሄደው ፕሮግራም ከዚህ ዝርዝር ውጭ ወዴትም የማይሄድ፣ ሪዳይሬክት የማይከተል፣ በሰርተፊኬት ውስጥ የተጻፈ አድራሻን የማያነብ ይሁን። ወደ ውጭ የሚሄደው ደግሞ ሌላ ፕሮግራም፣ በሌላ የሊኑክስ ተጠቃሚ ስም ወይም በሌላ ማሽን የሚሠራ ይሁንና ወደ ውስጥ አድራሻዎች መድረስ በኔትወርክ ደረጃ ይከልከል። የሊኑክስ ፋየርዎል የወጪ ግንኙነትን በተጠቃሚ ማንነት መለየት ስለሚችል ለዚህ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። የግል ቁልፎቹና የዲኤንኤስ ቶከኑ ከሁለቱም ተለይተው እነዚህ ፕሮግራሞች ማንበብ በማይችሉበት ቦታ ይቀመጡ። የኮድ ስህተት ሁልጊዜ ይኖራል፤ ይህ አደረጃጀት ግን አንድ ስህተት ሲገኝ ከአንዱ ክፍል ወደሌላው እንዳይሻገር ያደርጋል፤ እኔ ከኮድ ምርመራ ይልቅ የምተማመነው በዚህ ነው።

በውጭው ፕሮግራም ውስጥ ምርመራው የሚቀመጥበት ቦታ ወሳኝ ነው። ስሙ ወደ አይፒ ከተፈታ በኋላ፣ ግንኙነቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ሊገናኙት በተዘጋጁት አድራሻ ላይ መሆን አለበት፤ ከዚያም ግንኙነቱ በዚያው በተመረመረው አድራሻ ይደረግ፣ ስሙ ግን ለቲኤልኤስ እንዳለ ይላክ። ጎ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የግንኙነት ከፋቹ «ኮንትሮል» የሚባል መግቢያ ለዚሁ ይመቻል፤ የሚጠራው አድራሻው ከታወቀ በኋላ ግንኙነቱ ከመከፈቱ በፊት ስለሆነ የዲኤንኤስ መለዋወጥም ሪዳይሬክትም አያመልጡትም። ግንኙነቱ በፕሮክሲ (ጥያቄዎችን ተቀብሎ በሚያስተላልፍ መካከለኛ ሰርቨር) የሚያልፍ ከሆነ ግን ስሙን የሚፈታው ፕሮክሲው ነውና በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ምርመራ የሚያየው የፕሮክሲውን አድራሻ ብቻ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ምርመራው ራሱ ፕሮክሲው ላይ መሆን አለበት፤ የክፍያ ድርጅቱ ስትራይፕ ለሕዝብ ክፍት ያደረገው ስሞክስክሪን የተባለ ፕሮክሲ የተጻፈው ለዚህ ዓላማ ነው። ይህን ነጥብ ደጋግሜ የማነሳው፣ ድርጅቶች ፕሮክሲ ሲያስገቡ «ይበልጥ ተጠበቅን» ብለው እያሰቡ የነበረውን ምርመራ ሳያውቁት ስለሚያሰናክሉት ነው።

የስህተት መልእክቶቹም ይስተካከሉ። ለተጠቃሚው «ሰርተፊኬቱን ማንበብ አልተቻለም» የሚል አንድ መልእክት ብቻ ይታይ፣ ዝርዝሩ በሎግ ውስጥ ይቀመጥ። የጊዜ ልዩነቱን ለማጥፋት ፍተሻው ከበስተጀርባ በወረፋ ይሥራና ውጤቱ ቆይቶ ይታይ።

ከተስተካከለ በኋላ መሞከሩ የእርስዎ ድርሻ ነው። በራሳችሁ ቁጥጥር ሥር ባለ የውጭ ሰርቨር ላይ የሚመጣ ጥያቄን የሚመዘግብ ቀላል አገልግሎት ያቁሙ፤ ከዚያ የሰጪ ማውረጃውም የስረዛ ዝርዝሩም የኦሲኤስፒውም አድራሻ ወደዚያ የሚያመለክቱ ሰርተፊኬት አዘጋጅተው ይጫኑ፤ ለእያንዳንዱ የተለያየ መንገድ ይጻፉበት፣ የትኛው እንደተጠራ እንዲለዩ። አንድም ጥያቄ መድረስ የለበትም። ያንኑ ሰርተፊኬት የሚያቀርብ የቲኤልኤስ ሰርቨር አቁመው የሌሊት ፍተሻው እንዲያየውም ያድርጉ። ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ከኃላፊዎ የጽሑፍ ፈቃድ ይውሰዱ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መድረስን ወንጀል ያደርጋል፣ ፈቃዱ በእጅዎ ካለ ደግሞ ጥያቄ የሚያነሳ አይኖርም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ሶፍትዌሩ ይዘጋ ወይ የሚል ነበር። አይዘጋ። የሌትስ ኢንክሪፕት መደበኛ ሰርተፊኬት የሚቆየው 90 ቀን ነው፤ የሌሎች ሰጪዎችም እያጠረ ነው። የሰርተፊኬት ሰጪዎችና የብራውዘር ሠሪዎች ማኅበር የሆነው ሲኤ ብራውዘር ፎረም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 በወሰነው መሠረት በሕዝብ የታመኑ ሰርተፊኬቶች ከፍተኛ ዕድሜ ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ 200 ቀን፣ ከማርች 15 ቀን 2027 ጀምሮ 100 ቀን፣ ከማርች 15 ቀን 2029 ጀምሮ 47 ቀን ነው። አውቶማቲክ እድሳቱን ዘግታችሁ በእጅ እንሠራለን ካላችሁ አንዱ ሳይታደስ ይቀርና የትእዛዝ መቀበያ ድረ ገጻችሁ በሥራ ሰዓት ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ስለደህንነት የሚሰማዎት ኃላፊ ማግኘት ይከብዳል።

ይልቁንስ ዛሬ ማታ የሚከተለውን ያድርጉ። የሰርተፊኬት ሰርቨሩ ወደ ውጭ እንዲወጣ የሚፈቀድለት ወደ ሌትስ ኢንክሪፕትና ወደ ዲኤንኤስ አቅራቢያችሁ ኤፒአይ ብቻ ይሁን፤ እነዚህ ቋሚ የአይፒ አድራሻ ስለሌላቸው ገደቡን በስም የሚያደርግ ፕሮክሲ ይጠቀሙ። ወደ ውስጥ የሚፈቀደው በመዝገብ ላይ ወዳሉት ሰርቨሮች፣ በሚፈተሸው ፖርት ብቻ ይሁን። 169.254 ሙሉ በሙሉ ይዘጋ። ሰርቨሩ የአይፒ ስሪት 6 የማያስፈልገው ከሆነም ይጥፋ፤ ካልጠፋ ያው ገደብ እዚያም ይደገም። በሶፍትዌሩ ላይ አዲስ አድራሻ የሚጻፍበት ገጽና ሰንሰለት የሚያሟላው ክፍል ለጊዜው ይታገዱ፤ የአቅራቢዎች ድረ ገጽ ፍተሻም አብሮ ይቁም። እድሳቱ ይቀጥላል።

በማግሥቱ የፋየርዎሉንና የሶፍትዌሩን ሎግ ወደኋላ ሄደው ይመርምሩ፤ ከዚህ ሰርቨር ወደ 169.254.169.254፣ ወደ ካሜራና ጄኔሬተር መቆጣጠሪያ አድራሻዎች ወይም ሰርተፊኬት ወደማይገኝባቸው ፖርቶች የሄደ ጥያቄ ካለ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ካገኙ መጀመሪያ የዲኤንኤስ ቶከኑን ይለውጡ፣ ቀጥሎ የአክሚ አካውንቱን ቁልፍ፣ ከዚያ በሰርቨሩ ላይ የነበሩትን የግል ቁልፎች በሙሉ በአዲስ ተክተው የቀድሞዎቹን ሰርተፊኬቶች «ቁልፉ ተጋልጧል» በሚለው ምክንያት ያሰርዙ። ሌትስ ኢንክሪፕት የኦሲኤስፒ አገልግሎቱን ከኦገስት 6 ቀን 2025 ጀምሮ ስላቆመ ስረዛው የሚታየው በስረዛ ዝርዝር በኩል ነው፤ ያም ሆነ ይህ፣ አዲሶቹ ሰርተፊኬቶች በሁሉም ቅርንጫፍ ሰርቨሮች ላይ መጫናቸውን ሳያረጋግጡ የቀድሞዎቹን አያሰርዙ።